ከባሕር ማዶ የተገዛ የስኪ ዕቃ፦ ማስታወቂያው ላይ ያለው ዋጋና ቤት ሲደርስ የሚከፈለው

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ገና ሳይገባ ልጄ ከትምህርት ቤት አንድ ወረቀት ይዛ መጣች። የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች ቲሮል በተባለው የኦስትሪያ ተራራማ አገር አንድ ሳምንት ስኪ (በበረዶ ላይ መንሸራተት) ሊማሩ እንደሚሄዱ፣ ለዚህም እያንዳንዱ ወላጅ ለልጁ ስኪ፣ የስኪ ጫማ፣ ሄልሜት፣ መነጽርና ውኃ የማያስገባ ጃኬት እንዲያዘጋጅ የሚያሳውቅ ነበር። የምንኖረው ሙኒክ ነው። የዚህ አገር ልጆች ስኪን ገና በሦስትና በአራት ዓመታቸው ይለማመዱታል፤ እኔና ባለቤቴ ግን ስለ ስኪ የምናውቀው ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 በቱሪኑ የክረምት ኦሎምፒክ የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ይዞ መወዳደሩን ብቻ ነበር። የዕቃውን ጥራት ለመለየት የሚያበቃ እውቀት ስላልነበረን ዓይናችንን የጣልነው ዋጋው ላይ ነው።

ሙኒክ ውስጥ አንድ ሱቅ ስኪውን ጫማውን ከስኪው ጋር ከሚያያይዘው ማሰሪያ ጋር፣ ጫማውንና ጃኬቱን በጠቅላላው በ989 ዩሮ ይሸጥ ነበር። ያንኑ ዕቃ፣ ያው ሞዴልና ያው ቁጥር የሆነውን፣ አሜሪካ ያለ አንድ የኢንተርኔት ሱቅ ያለፈው ዓመት ክምችት ነው ብሎ ወደ ዩሮ ሲመነዘር በ740 ዩሮ አቀረበው። የ249 ዩሮ ልዩነት ለእንደኛ ዓይነት ቤተሰብ የሚናቅ አይደለም፤ ስለዚህ ብዙ ሳናመነታ አዘዝን። ዕቃው ከሦስት ሳምንት በኋላ ሲደርስ አብሮት የመጣው የክፍያ ወረቀት ግን ልዩነቱን ጠራርጎ ከመውሰዱም በላይ ሌላ 98 ዩሮ አስጨመረን። ይህን የምጽፈው በዚህ ዓመትም ተመሳሳይ ወረቀት ከትምህርት ቤት የደረሳቸው ብዙ ወገኖች ስለጠየቁኝና የሒሳቡን አካሄድ በአማርኛ አስረድቶ የጻፈ ሰው ስላላገኘሁ ነው።

የመጀመሪያው ስሕተታችን ሁለት የማይነጻጸሩ ዋጋዎችን ማነጻጸራችን ነው። ጀርመን ውስጥ በሱቅ መደርደሪያም ሆነ በኢንተርኔት ለሸማች የሚቀርብ ዋጋ 19 በመቶውን ተጨማሪ እሴት ታክስ ጨምሮ የሚጻፍ ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን የሽያጭ ታክስ እንደየክፍለ ግዛቱ ስለሚለያይ የሚለጠፈው ዋጋ ታክስ የሌለበት ነው፤ ወደ ውጭ አገር ለሚላክ ዕቃም ሻጩ አብዛኛውን ጊዜ ያንን ታክስ አያስከፍልም። ስለዚህ የሙኒኩን 989 ዩሮ ከአሜሪካው 740 ጋር ስናስተያይ አንደኛው ታክሱን ከፍሎ የጨረሰ፣ ሌላኛው ገና ያልጀመረ ዋጋ ነበር። የሙኒኩ ዋጋ ታክሱ ሲቀነስለት 831 ዩሮ ገደማ ነው። እውነተኛው ልዩነት 249 ሳይሆን 91 ዩሮ ብቻ ነበር ማለት ነው፤ ይህም ማጓጓዣውና ቀረጡ ገና ሳይታሰብ ነው።

ሁለተኛው ነገር የክፍያዎቹ አደራረብ ነው። ከውጭ መኪና አስገብቶ የሚያውቅ የአገራችን ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ አዲስ አበባ ላይ የጉምሩክ ቀረጡ ከተሰላ በኋላ ኤክሳይዝ ታክሱ፣ ተጨማሪ እሴት ታክሱና ሱር ታክሱ አንዱ በሌላው ላይ እየተደራረበ እንደሚሄድ ትራንዚተሩ ያስረዳዋል። በአውሮፓ ኅብረት ለስኪ ዕቃ ያለው ድርብርብ ሁለት ብቻ ቢሆንም አካሄዱ ያው ነው። በመጀመሪያ የዕቃው ዋጋ ላይ የማጓጓዣውና የኢንሹራንሱ ወጪ ይደመራል፤ በድምሩ ላይ የጉምሩክ ቀረጥ ይሰላል፤ ከዚያም ዋጋው፣ ማጓጓዣውና ቀረጡ አንድ ላይ ተደምረው 19 በመቶው ታክስ ይጣልባቸዋል። ቀረጡ ራሱ ታክስ ይከፈልበታል ቢባል ስሕተት አይሆንም። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ግን ማጓጓዣውን ነው። የስኪ ጥንድ ረጅምና ከባድ ስለሆነ መላኪያው ውድ ነው፤ ለመላኪያ የከፈልነው ገንዘብ ራሱ መልሶ ቀረጥና ታክስ ይከፈልበታል።

የእኛን ሒሳብ እንዳለ ላስቀምጠው። ስኪው ከነማሰሪያው 420፣ ጫማው 210፣ ጃኬቱ 110 ዩሮ ነበር። ማጓጓዣው 74 ዩሮ ስለነበረና በየዕቃው ዋጋ መጠን ስለተከፋፈለ፣ ለቀረጥ የተያዘው ዋጋ ለስኪው 462፣ ለጫማው 231፣ ለጃኬቱ 121፣ በድምሩ 814 ዩሮ ሆነ። ለስኪው 3.7 በመቶ ተሰልቶ 17 ዩሮ ከ9 ሳንቲም፣ ለጃኬቱ 12 በመቶ ተሰልቶ 14 ዩሮ ከ52፣ ለጫማው ደግሞ 17 በመቶ ተሰልቶ 39 ዩሮ ከ27 ሳንቲም መጣ። የቀረጡ ድምር 70 ዩሮ ከ88 ሲሆን፣ ታክሱ በ884 ዩሮ ከ88 ላይ ተሰልቶ 168 ዩሮ ከ13 ሳንቲም ሆነ። አመላላሹ ድርጅት ገንዘቡን ቀድሞ ስለከፈለልንና የጉምሩክ ማሳወቂያ ቅጹን (ዲክላራሲዮኑን) ስለሞላልን የአገልግሎት 20 ዩሮ ጠየቀ። ባንካችንም በዶላር ለተፈጸመው ግዢ 1.75 በመቶ፣ ማለትም 14 ዩሮ ከ25 ሳንቲም ቆረጠ። የተከፈለው ጠቅላላ ገንዘብ 1087 ዩሮ ከ26 ሳንቲም ነው።

እዚህ ላይ ስለ ጫማው ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ከሁሉ የሚያስገርመውና ገዢን ከሁሉ በላይ የሚጎዳው እርሱ ነው። ስኪና የስኪ ጫማ በአንድ ሱቅ፣ በአንድ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጡ፣ አንዱ ያለ ሌላው የማይሠሩ ዕቃዎች ናቸው። የታሪፍ መጽሐፍ ግን ዕቃን የሚለየው ሱቁ በሚለይበት መንገድ አይደለም። ስኪና ማሰሪያው በስፖርት ዕቃዎች ምዕራፍ ውስጥ በ9506 ቁጥር ሥር ተመዝግበው 3.7 በመቶ ይከፈልባቸዋል። ከላስቲክና ከፕላስቲክ የሚሠራው የስኪ ጫማ ግን ስፖርቱ ሳይታይለት ከሌሎች ጫማዎች ጋር በ6402 ሥር ይመደብና 17 በመቶ ይጣልበታል። ሄልሜቱ በራስ መሸፈኛዎች ዘንድ 2.7 በመቶ፣ መነጽሩ በመነጽሮች ዘንድ 2.9 በመቶ፣ ጃኬቱ በልብሶች ዘንድ 12 በመቶ ነው። ጫማና ልብስ ከፍ ያለ ቀረጥ የሚጣልባቸው የአውሮፓን ጫማና ልብስ ሰፊዎች ከውጭ ውድድር ለመጠበቅ ተብሎ ከቆየ የንግድ ፖሊሲ የተነሣ ነው። በመሆኑም ከአሜሪካ የሚመጣ 100 ዩሮ የሚያወጣ ስኪ ቀረጡና ታክሱ ሲታከልበት 123 ዩሮ ከ40 ሲሆን፣ 100 ዩሮ የሚያወጣ የስኪ ጫማ ግን 139 ዩሮ ከ23 ሳንቲም ይሆናል። ማንኛውም ገዢ እነዚህን መቶኛዎች ከማዘዙ በፊት ኅብረቱ በኢንተርኔት በነጻ ባስቀመጠው የታሪፍ መዝገብ ውስጥ ማየት ይችላል። የመዝገቡ ስም በአጋጣሚ ከአማርኛው ቃል ጋር ገጥሞ «ታሪክ» ይባላል፤ የፈረንሳይኛ ስሙ ምሕጻረ ቃል ነው። እኔ ይህን መዝገብ ያወቅሁት ከከፈልኩ በኋላ ነው።

ሳጥኑን ከፍተን ስኪውን ስናወጣ ልጄ ጎኑ ላይ የተጻፈውን ትንሽ ጽሑፍ አንብባ «አባዬ፣ ይህ እኮ እዚሁ ባየርን ውስጥ የተሠራ ነው» አለችኝ። እውነትም ፎልክል የተባለው የስኪ ፋብሪካ ያለው ሽትራውቢንግ ነው፤ ከሙኒክ በመኪና ሁለት ሰዓት እንኳ አይፈጅም። ስኪው ከዚያ ተነሥቶ አትላንቲክን ተሻግሮ፣ አሜሪካ መጋዘን ውስጥ አንድ ክረምት አሳልፎ፣ መልሶ ተሻግሮ መጥቶ እንደ ባዕድ ዕቃ ቀረጥ ተከፈለበት። ሰዎች ብዙ ጊዜ «ጀርመን ውስጥ የተሠራ ከሆነ ለምን ቀረጥ ይከፈልበታል?» ብለው ይጠይቁኛል። መልሱ ዕቃው ከኅብረቱ የጉምሩክ ክልል አንዴ ከወጣ በኋላ የአገር ልጅነቱን ያጣል የሚል ነው። በሦስት ዓመት ጊዜ ውስጥ እንዳለ ሳይለወጥ የተመለሰ ዕቃ ከቀረጥ ነጻ የሚሆንበት ሕግ አለ፤ ነገር ግን መጀመሪያ መውጣቱንና ያው ዕቃ መሆኑን የሚያረጋግጥ ሰነድ ማቅረብ ግዴታ ነው። ያ ሰነድ ያለው ፋብሪካውና አስመጪው ዘንድ እንጂ ከችርቻሮ ሱቅ አንድ ጥንድ ስኪ የገዛ ሰው እጅ ውስጥ አይደለም። ይህ ጉዳይ የሚመለከተው ብዙ ገዢ ነው፤ አቶሚክ ከአልተንማርክት፣ ፊሸር ከሪድ፣ ብሊዛርድ ከሚተርሲል እየተባለ ስማቸው የሚነሣው ስኪዎች ሁሉ የኦስትሪያ ቤተኞች ናቸውና።

ከእንግሊዝ ማዘዝም እንደ ድሮው አይደለም። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ብሪታንያ ከኅብረቱ የጉምሩክ ክልል ውጭ ናት። ከኅብረቱ ጋር ያላት ስምምነት ከቀረጥ ነጻ የሚያደርገው እዚያው ብሪታንያ ውስጥ የተመረቱ ዕቃዎችን ነው፤ ለንደን ካለ ሱቅ የተላከ ነገር ግን ቻይና ወይም ኦስትሪያ የተሠራ ስኪ ይህ ጥቅም አይደርሰውም፤ ታክሱ ደግሞ በየትኛውም ሁኔታ አይቀርም። ስዊዘርላንድ ከኅብረቱ ጋር እ.ኤ.አ. በ1972 የተፈረመ የነጻ ንግድ ስምምነት ስላላት ማልተርስ በተባለችው መንደር የሚሠራው የሽቶክሊ ስኪ የመነሻ አገሩ ማረጋገጫ ካለው ከቀረጥ ነጻ ነው። እዚያ ለሚገዛ ሰው ማረጋገጫው በደረሰኙ ላይ እንዲጻፍለት መጠየቅ ብልህነት ነው።

ስለ ትንንሽ ዕቃዎች ደግሞ ሕጉ በየጊዜው እየጠበቀ ነው። ቀድሞ እስከ 22 ዩሮ የሚያወጣ ዕቃ ከታክስ ነጻ ይገባ ነበር፤ ይህ ከጁላይ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ቀርቷል። የዕቃው ዋጋ እስከ 150 ዩሮ ከሆነ ታክሱ ቢከፈልም ቀረጥ አልነበረበትም፤ ይህንን ወሰን ለማየት የሚታሰበው ደግሞ ማጓጓዣው በደረሰኝ ላይ ተለይቶ ከተጻፈ የዕቃው ዋጋ ብቻ ነው። የኅብረቱ የገንዘብ ሚኒስትሮች በዲሴምበር 2025 በተስማሙት መሠረት ግን ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ እንዲህ ባለ አነስተኛ ጥቅል ውስጥ ላለ ለእያንዳንዱ የዕቃ ዓይነት 3 ዩሮ ቀረጥ ይታሰባል። ጓንት፣ ካልሲና መነጽር አንድ ላይ ያዘዘ ሰው እንግዲህ ለሦስት ዓይነት ዕቃ ይከፍላል ማለት ነው። ትልቅ ትእዛዝን ሆን ብሎ ከ150 ዩሮ በታች ወደሆኑ ጥቅሎች መከፋፈል እንደ መፍትሔ ሲነገር ሰምቻለሁ፤ ጉምሩክ ግን በአንድ ግዢ የታዘዙ መሆናቸውን ካየ ደምሮ ያስከፍላቸዋል።

ሌላም ምክር ተሰጥቶኝ ነበር፦ ሻጩ ጥቅሉ ላይ «ስጦታ» ብሎ እንዲጽፍበት ወይም ዋጋውን ዝቅ አድርጎ እንዲያስመዘግብ መጠየቅ። ይህን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል፤ ይህ ሐሰተኛ ዲክላራሲዮን ነው፤ ታክስ መሰወር ተብሎ ያስቀጣል። በሕጉ ስጦታ የሚባለው ግለሰብ ለግለሰብ ያለ ክፍያ የላከው ሲሆን፣ ነጻ የሚሆነውም እስከ 45 ዩሮ ድረስ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ዕቃው መንገድ ላይ ቢጠፋ ወይም ቢሰበር ኢንሹራንስ የሚተካው የተመዘገበውን ዝቅተኛ ዋጋ ነው። በስደት አገር ወረቀቱን ንጹሕ አድርጎ ለመኖር የሚጥር ሰው ለጥቂት ዩሮ ብሎ ስሙን በጉምሩክ መዝገብ ላይ ማስነሣቱ ያሳዝነኛል።

ዕቃውን ሰው ይዞልን ቢመጣስ? ዴንቨር ያለው የአክስቴ ልጅ በገና ሰሞን ሊጠይቀን ሲመጣ እንዲያመጣልን አስበን ነበር። በአውሮፕላን ከኅብረቱ ውጭ የሚመጣ ተጓዥ እስከ 430 ዩሮ፣ በመኪና ወይም በባቡር የሚመጣ እስከ 300 ዩሮ፣ ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ ደግሞ እስከ 175 ዩሮ የሚያወጣ ዕቃ ለግል ወይም ለቤተሰብ መጠቀሚያ ወይም በስጦታነት ያለ ቀረጥ ማስገባት ይችላል። ይሁን እንጂ አንድ የማይነጣጠል ዕቃ ብቻውን ከዚህ መጠን ካለፈ ቀረጡ የሚከፈለው በትርፉ ላይ ሳይሆን በሙሉ ዋጋው ላይ ነው፤ የባልና የሚስትን ድርሻ ደምሮ አንድ ጥንድ ስኪ ማስገባትም አይቻልም። በሌላ በኩል እስከ 700 ዩሮ ለሚያወጣ የተጓዥ ዕቃ ጀርመን ቀረጡንና ታክሱን ጠቅልላ 17.5 በመቶ ብቻ ታስከፍላለች። ለስኪ ጫማ ይህ በፖስታ ሲመጣ ከሚከፈለው ከ39 በመቶ በላይ ከሆነው ጫና ጋር ሲተያይ ከግማሽ በታች ነው። ተጓዡ ግን በቀዩ በር ገብቶ ራሱ ማስመዝገብ አለበት፤ አረንጓዴው በር የሚገባው የሚያስመዘግበው ለሌለው ሰው ነው። በዚህ አጋጣሚ ጣሊያን ውስጥ ሊቪኞ የተባለችው የስኪ ከተማ ከቀረጥ ነጻ ስለሆነች ብዙ ሰው እዚያ ይገዛል፤ ከኅብረቱ የጉምሩክ ክልል ውጭ ስለምትቆጠር ከዚያ ሲመለሱም የ300 ዩሮው ወሰን እንደሚሠራ ማወቅ ያሻል።

ወደ ራሳችን ታሪክ ልመለስ። ጫማው ልጄን ጠበባት። የስኪ ጫማ ቁጥር የእግርን ርዝመት በሴንቲሜትር የሚናገር ነው፤ ስፋቱ፣ የባቱ ቁመትና የቁርጭምጭሚቱ አያያዝ ግን ካልለበሱት አይታወቅም፤ ለዚህም ነው ሱቅ ውስጥ ባለሙያ እግርን ለክቶ የሚያስለብሰው። ሻጩ መልሰን እንድንልክለት ፈቀደ፤ የመመለሻው ማጓጓዣ ግን በእኛ ላይ ነበር። ስለ ውዱ መላኪያ ስናመነታ፣ ከዚያም ለልጅቷ ጉዞ የኪራይ ጫማ ስንፈልግ ሳጥኑ ምድር ቤት ውስጥ ተቀመጠ። በመጨረሻ መልሰን ስንልከው ዋጋው ተመለሰልን። የከፈልነውን ቀረጥና ታክስ ለማስመለስ ወደ ጉምሩክ ጽሕፈት ቤት ስሄድ ግን በርቀት የተገዛ ዕቃ ሲመለስ ማመልከቻው ዲክላራሲዮኑ ከተመዘገበበት ቀን ጀምሮ በ90 ቀን ውስጥ መግባት እንደነበረበት ሠራተኛዋ በትሕትና አስረዳችኝ። ቀኑ አልፎ ነበር። ዕቃው ብልሽት ኖሮበት ቢሆን ኖሮ አንድ ዓመት ጊዜ ይሰጠን ነበር፤ መጥበብ ግን ብልሽት አይደለም። ለጫማው የተከፈለው ከ90 ዩሮ በላይ የሆነ ቀረጥና ታክስ በዚሁ ቀረ። ስለዚህ ከባሕር ማዶ የተገዛ ዕቃ ካልሆነልዎ በመጀመሪያው ሳምንት ይወስኑ፤ ሳይልኩትም በፊት የጉምሩኩን ወረቀት፣ ደረሰኙንና የባንኩን ማስረጃ አንድ ላይ ያኑሩ፤ ዕቃው ተመልሶ መውጣቱን የሚያሳየውን የፖስታ ማረጋገጫም አይጣሉት።

አንድ የተረሳ ወጪ አለ። ማሰሪያው ሳይስተካከል በስኪው መንሸራተት አደገኛ ነው፤ የልጁ ክብደት፣ ቁመት፣ ዕድሜ፣ የጫማው ርዝመትና ችሎታው ተሰልቶ በመውደቅ ጊዜ እግሩን በሰዓቱ እንዲለቅ ተደርጎ በባለሙያ ይስተካከላል። ከሱቁ የገዛ ሰው ይህ አብሮ ይሠራለታል፤ እኛ ግን ዕቃውን ተሸክመን ሄደን ለብቻው ከፈልን። ክፍያው ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ስለ ልጅ እግር ስለሆነ ማንም ወላጅ ይህን እቆጥባለሁ ብሎ ቤት ውስጥ በመፍቻ እንዳይሞክረው እለምናለሁ።

ዘንድሮ ታናሽየዋ ተራዋ ደርሶ ተመሳሳይ ወረቀት ይዛ መጣች። በዚህ ጊዜ በጥቅምትና በኅዳር በየሰፈሩ በሚደረገው ያገለገለ የስኪ ዕቃ ባዛር ላይ ሄድን፤ ቤተሰቦች ልጆቻቸው ያደጉበትን ጫማ የሚሸጡት እዚያ ነው። ሦስት ጫማ ለክታ አራተኛው ገጠማት፤ 35 ዩሮ ከፈልን። ስኪውን የታላቋን ሰጠናት፤ ለታላቋ ደግሞ የስፖርት ሱቆች ለልጆች በሚያቀርቡት የሙሉ ክረምት ኪራይ ወሰድንላት፤ እግሯም ቁመቷም በየዓመቱ ስለሚለወጥ ይህ ይሻላል። ጃኬቱን ለመግዛት በባቡር ወደ ኢንስብሩክ ወረድን። ኦስትሪያ የኅብረቱ አባል ስለሆነች 20 በመቶው ታክስ እዚያው በዋጋው ውስጥ ተከፍሎ ያልቃል፤ ድንበር ላይ የሚጠየቅም የሚሞላም ወረቀት የለም። በዚያን ቀን ከዕቃው ዋጋ ሌላ ያወጣነው የባቡሩን ቲኬት ነው።